ምዕራፍ ሰባት፦ ዘጠኝ ቤብ ሩት በአንድ ቡድን

በ1967 መሪ ዎሮነር የተባለ የማያሚ የሬዲዮ አዘጋጅ እንግዳ የሆነ የቦክስ ውድድር አሰናዳ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ተወዳዳሪዎቹ 16 የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ሲሆኑ አንዳንዶቹ በሕይወት አልነበሩም፤ ሌሎቹ ጓንታቸውን ከሰቀሉ ቆይተዋል። ሙሐመድ አሊ ግን ገና የጉልበቱ አፍላ ላይ ነበር። ቡጢ የሰነዘረ ሰው የለም። ዎሮነር የየቦክሰኛውን መረጃ ለኮምፒውተር ሰጠ፤ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ውጤት ደግሞ ልክ እንደ ቀጥታ ስርጭት በሬዲዮ አስተላለፈው። በፍጻሜው ሮኪ ማርሲያኖ ጃክ ዴምፕሲን ረታ። አሊ ቀደም ሲል በጂም ጄፍሪስ ተሸንፎ ከውድድሩ ወጥቶ ነበርና ስሜን አጠፉ ብሎ የ1 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ጉዳዩ የተቋጨው አሊ ከማርሲያኖ ጋር ካሜራ ፊት የማስመሰል ፍልሚያ ለመቅረጽ በመስማማቱ ነው። ፊልሙ በጃንዋሪ 1970 ሲታይ የአሜሪካ ተመልካች ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሊን ሲዘርረው አየ።

የአሊን ንዴት መረዳት አይከብድም። አንድ መሣሪያ ተነሥቶ “ተሸንፈሃል” ሲለው ለምን እንደተሸነፈ የሚጠይቀው አካል አልነበረውም። ውጤቱ ብቻ ተነገረ እንጂ ወደ ውጤቱ ያደረሰው መንገድ ለአድማጭ አልተገለጠም። ከየትኛው መረጃ የትኛው እንዳመዘነ፣ አንዱ መረጃ ቢቀየር አሸናፊው ይቀየር እንደሆነ አድማጩ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በዚህ ምዕራፍ ያንኑ ሐሳብ ወደ ሌላ ስፖርት እንወስደዋለን። የቤዝቦል ወዳጆች ከመቶ ዓመት በላይ የሚከራከሩበት ጥያቄ አለ፤ ከታሪክ ሁሉ ታላቁ መቺ ማን ነው? በ1935 ጫማውን የሰቀለው ቤብ ሩት ነው? በ1941 ጉድ ያሰኘው ቴድ ዊሊያምስ? ወይስ በ2004 ወርዋሪዎች ሊጋፈጡት የፈሩት ባሪ ቦንድስ? ሦስቱ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። በኮምፒውተር ግን ማገናኘት ይቻላል። የሚወጣው የአሸናፊ ስም ራሱ ግን ከሥራው ሁሉ ያነሰው ትርፍ ነው። ትልቁ ትርፍ ደረጃውን የሚያናውጠው ምን እንደሆነ ማየት ነው።

ለማስመሰል የተመቸ ጨዋታ

በሦስተኛው ምዕራፍ ስታኒስላው ኡላምን አግኝተነዋል። በ1946 ከሕመም ሲያገግም ለብቻው ካርታ እየተጫወተ ሳለ፣ የማሸነፍ ዕድሉን በቀመር ከማስላት ይልቅ ጨዋታውን ብዙ ጊዜ ተጫውቶ ያሸነፈበትን መቁጠር እንደሚቀል የታየው የሂሳብ ሊቅ ነው። ሲሙሌሽን የምንለው ነገር እምብርቱ ይኸው ነው፤ አንድን ክስተት በኮምፒውተር አስመስሎ ደጋግሞ ማስኬድና የሆነውን መቁጠር።

ቦክስ ለዚህ ዓይነት ሥራ አስቸጋሪ ነው። ሁለት ሰዎች ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ ቡጢ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ እንኳ መለየት ያዳግታል። ቤዝቦል ግን በተፈጥሮው የተቆራረጠ ጨዋታ ነው። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው ይሞክራል፣ የሆነው ይሆናል፣ ይጻፋል። ከዚያ የሚቀጥለው መቺ ይመጣል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሜዳው ላይ መነሻውን ጨምሮ አራት ማረፊያዎች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል፤ ቤዝ ይባላሉ። መቺው ኳሱን መትቶ ከሮጠ በኋላ ሦስቱን ቤዞች ዞሮ ወደ መነሻው ሲመለስ ቡድኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። ኳሱ በጥሩ ሁኔታ ከተመታ መቺው አንደኛው፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቤዝ ላይ ይደርሳል፤ ከአጥሩ ውጪ ከሄደ ደግሞ ሆም ራን ነው፤ መቺውም በየቤዙ ያሉት ጓደኞቹም ገብተው ነጥብ ያስቆጥራሉ። ወርዋሪው አራት የተሳሳቱ ኳሶች ከወረወረ መቺው ሳይመታ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል፤ ይህን ነጻ ማለፊያ እንበለው። ከዚህ ሁሉ አንዱም ካልሆነለት አብዛኛውን ጊዜ አውት ነው። ሦስት አውት ሲሞላ ዙሩ ያበቃል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ስለሆነ አንድ ቡድን በጠቅላላው 27 አውት ተሰጥቶታል ማለት ነው።

አንድ መቺ ወደ ቦታው ሲመጣ ሜዳው ሊኖርበት የሚችለው ሁኔታ ስንት ነው? ሦስቱ ቤዞች እያንዳንዳቸው ሰው አላቸው ወይም የላቸውም፤ ይህ 8 ዓይነት አቀማመጥ ይሰጠናል። አውቱ ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ነው። 8 በ3 ሲባዛ 24 ይሆናል። ያ ሁሉ ሩጫና ጩኸት፣ ያ ሁሉ ስልት ለኮምፒውተር 24 ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ምት ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። በዚያ ላይ ናሽናል ሊግ ከተመሠረተበት ከ1876 ጀምሮ የየመቺው ውጤት ተመዝግቦ ተቀምጧል። ጥሬ ዕቃው ተዘጋጅቶ የቆየ ሀብት ነው።

የዕጣው ከረጢት

የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ ያላየ የለም። የየአባሉ ስም በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ይደባለቃል፤ አንዱ እጁን ሰድዶ ያወጣል። መቺውንም በዚሁ መንገድ እናስበው፤ በ1,000 ጥቅል ወረቀት የተሞላ ከረጢት ነው። ወረቀቶቹ ላይ የተጻፈው ግን የሰው ስም ሳይሆን መቺው ሲሞክር ሊገጥመው የሚችለው ነገር ነው።

የቤብ ሩትን የ1921 ከረጢት እንሙላ። በዚያ የውድድር ዘመን ሩት 540 ጊዜ ለመምታት ቀርቦ 204 ጊዜ ተሳካለት፤ ከነዚህ 44ቱ ሁለት ቤዝ፣ 16ቱ ሦስት ቤዝ፣ 59ኙ ሆም ራን ነበሩ። በዚያ ላይ 145 ነጻ ማለፊያ አገኘ፤ 4 ጊዜ ደግሞ ኳሱ አካሉን መትቶት ወደ አንደኛው ቤዝ ሄደ። ይህን ሁሉ ወደ 1,000 ስናመጣው 488 ወረቀቶች “አውት” ይላሉ፤ 216 “ነጻ ማለፊያ”፣ 123 “አንድ ቤዝ”፣ 64 “ሁለት ቤዝ”፣ 23 “ሦስት ቤዝ”፣ 86 “ሆም ራን” ይላሉ።

አሁን አንድ ዙር እንጫወት። መጀመሪያ የወጣው ወረቀት “አውት” ይላል። ሁለተኛው “ነጻ ማለፊያ”፤ ስለዚህ አንደኛው ቤዝ ላይ አንድ ሰው አለ፣ አንድ አውት ተመዝግቧል፤ ከ24ቱ ሁኔታዎች አንዱ ላይ ነን። ሦስተኛው “አንድ ቤዝ” ነው፤ የእኛ ሕግ በዚህ ጊዜ ቀድሞ የቆመው ሯጭ ሁለት ቤዝ ይራመድ ስለሚል፣ አሁን አንደኛውና ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሰው አለ። አራተኛው “አውት”። አምስተኛው “ሆም ራን”፤ ሦስት ነጥብ ገባ። ስድስተኛው “አውት”፤ ዙሩ አለቀ። ስድስት ወረቀት፣ ሦስት ነጥብ። እንዲህ ዓይነት ዘጠኝ ዙር አንድ ጨዋታ ይሆናል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ይህንኑ ሥራ ሳይሰለች ሚሊዮን ጊዜ ይደጋግመዋል።

ከዕቁቡ ጋር አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በዕቁብ የወጣለት ሰው ወረቀት ተመልሶ አይገባም፤ ለዚህም ነው ገና ያልደረሰው ሰው ወሩ በገፋ ቁጥር ዕድሉ የሚሰፋው። በእኛ ከረጢት ግን የወጣው ወረቀት ተመልሶ ይገባል። ሩት አሁን ሆም ራን መታ ማለት ቀጣዩ ሙከራው ላይ ዕድሉ ቀነሰ ወይም ጨመረ ማለት አይደለም። “ዛሬ ቀንቶታል”፣ “ዛሬ እጁ ከብዷል” የሚባል ነገር በከረጢቱ ዓለም የለም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ማቅለል ነው፤ ዋጋም ያስከፍላል። የስሌቱን ሕግ ያወጣነው ራሳችን ስለሆንን ግን የት ላይ እንዳቀለልን እናውቃለን።

ለምን ዘጠኝ?

መቺ ብቻውን ነጥብ አያስቆጥርም። ሩት ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ከኋላው የሚመጡት ሰዎች አውት ከሆኑ ድካሙ ውኃ በላው። ፊቱ ያሉት ጎበዞች ከሆኑ ደግሞ በአንድ ምት ሦስትና አራት ነጥብ ያስገባል። ስለዚህ የሩትን ችሎታ ከጓደኞቹ ችሎታ ለመለየት ምን ይደረግ?

በ1977 ቶማስ ከቨርና ካሮል ኬይለርስ ያሳተሙት ጥናት መላ ሰጠ፤ ቡድኑን በሙሉ በአንድ ሰው ሙላው። ዘጠኙም መቺዎች ቤብ ሩት ይሁኑ። የዚህ ቡድን አማካይ ነጥብ ስንት ነው? ከዚያ ዘጠኝ ዊሊያምስ፣ ዘጠኝ ቦንድስ እያሉ መቀጠል ነው። ጓደኞቹ ራሱ ስለሆኑ ለመመካኘትም ለመመጻደቅም ቀዳዳ የለም።

ውጤቱን ለመቅመስ ትልቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ቡድኑ 27 አውት አለው፤ የሩት የአውት ድርሻ 0.488 ነው። 27 ለ0.488 ሲካፈል 55 ይሆናል። ዘጠኝ ሩቶች በአንድ ጨዋታ በአማካይ 55 ጊዜ ይቀርባሉ ማለት ነው። ከ100 ሙከራ በ33ቱ ብቻ ቤዝ የሚደርስ ተራ ቡድን 40 ጊዜ ያህል ነው የሚቀርበው። ዊሊያምስ በ1941 በ456 ሙከራ 185 ጊዜ ተሳክቶለት፣ 147 ነጻ ማለፊያ አግኝቶ ነበር፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው “አውት” 447 ብቻ ስለሆነ ዘጠኝ ዊሊያምሶች 60 ጊዜ ይቀርባሉ። በአንጻሩ “ሆም ራን” የሚለው ወረቀቱ 61 ነው፤ የሩት 86 ነበር። አንደኛው አውት ባለመሆን፣ ሌላኛው ራቅ አድርጎ በመምታት ይበልጣል። የትኛው ብዙ ነጥብ ያመጣል? ይህን በግምት መመለስ ከባድ ነው፤ ከረጢቶቹን አጋጥሞ ማየት ግን ይቻላል።

በዚህች ስሌት አንድ የቆየ የተመልካች ልማድ ይጋለጣል። ጋዜጦች ለብዙ አሥርት ዓመታት መቺዎችን ደረጃ የሚያወጡት በመምቻ አማካይ ነበር፤ ይኸውም መቺው ለመምታት ከቀረበበት ምን ያህሉ እንደተሳካለት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ነጻ ማለፊያ አይቆጠርም። ሆም ራንም አንድ ቤዝም እኩል ናቸው። ከረጢቱ ግን ልዩነታቸውን አይረሳም።

ዋንጫ ዕድልን ይወዳል

ከረጢቶቹ ተሞልተዋል፤ ውድድሩን እንጀምር። 16 የመቺ ቡድኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጋጠማሉ፤ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ወደ ቀጣዩ ዙር ያልፋል። ይህ የአሜሪካው የቤዝቦል ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስ፣ የሚካሄድበት ሥርዓት ነው። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል።

ከ16ቱ አንዱ በእርግጥ ከሁሉም ይበልጣል እንበል፤ ማንንም ቢገጥም ከ100 ጨዋታ 55ቱን ያሸንፋል። በሰባት ጨዋታ ግጥሚያ ግን የማለፍ ዕድሉ 61 በመቶ ብቻ ነው። ዋንጫ ለማንሣት አራት ጊዜ ማለፍ አለበት፤ 0.61ን አራት ጊዜ ስናባዛው 14 በመቶ ገደማ እናገኛለን። ከሁሉ የሚበልጠው መቺ ከሰባት ውድድሮች በስድስቱ ዋንጫውን ለሌላ ያስረክባል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ውድድር አካሂዶ “ታላቁ መቺ እገሌ ነው” ብሎ ማወጅ ዕጣ አውጥቶ ንጉሥ ከማንገሥ ብዙም አይሻልም። የዎሮነር የቦክስ ውድድርም በዚህ ዓይን ሲታይ ከአንድ ዕጣ የማያልፍ ነበር።

መድኃኒቱን በአምስተኛው ምዕራፍ አይተነዋል፤ ድግግሞሽ ሲበዛ የዕድል ድርሻ ይከስማል። ያው 55 በመቶ የሚያሸንፍ ቡድን ግጥሚያው 101 ጨዋታ ቢሆን 84 በመቶ ያህል ያልፋል፤ 1,001 ጨዋታ ቢሆን ከ99.9 በመቶ በላይ። በእውነተኛው ሜዳ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ለኮምፒውተር ግን ቀላል ነው። ወይም ደግሞ የሰባት ጨዋታው ሥርዓት እንዳለ ሆኖ ውድድሩን መቶ ሺህ ጊዜ አካሂዶ የየመቺውን ዋንጫ መቁጠር ይቻላል። ያኔ መልሱ የአንድ ሰው ስም መሆኑ ቀርቶ “ይህ በመቶ ይህን ያህል፣ ያኛው ይህን ያህል” የሚል ዝርዝር ይሆናል። የሁለት መቺዎች ድርሻ ተቀራራቢ ከሆነ አንዱን ሦስተኛ፣ ሌላውን አራተኛ ብሎ መጥራት ትርጉም የለውም።

ታሪክን ደጋግሞ ማስኬድ ምን ያህል ዓይን ገላጭ እንደሆነ በ2008 ሳሙኤል አርበስማንና ስቲቨን ስትሮጋትስ አሳይተዋል። ጆ ዲማጂዮ በ1941 በተከታታይ 56 ጨዋታ ቢያንስ አንድ ጊዜ በትክክል መታ፤ ይህ ክብረ ወሰን እስከዛሬ አልተሰበረም፤ ብዙዎችም ተአምር ይሉታል። ሁለቱ ሰዎች የቤዝቦልን ታሪክ በሙሉ በኮምፒውተር 10,000 ጊዜ እንደገና አስኬዱት። ከነዚያ ታሪኮች በ42 በመቶው አንድ መቺ 56 ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል፤ ክብረ ወሰኑም ከታሪክ ታሪክ ከ39 እስከ 109 ይለያይ ነበር። እኛ የምንኖረው ከ10,000ዎቹ መካከል አንዱን በሚመስል ታሪክ ውስጥ ነው። ለማይደገመው ታሪክ ሁሉ ተአምር የምንለው ሌሎቹን ስላላየን ይሆናል።

0.401 እና 0.301

እስካሁን ከረጢቶቹን የሞላነው በመዝገብ ላይ ባገኘነው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ችግር ይመጣል። ቢል ቴሪ በ1930 በናሽናል ሊግ 0.401 መታ። ካርል ያስትረምስኪ በ1968 በአሜሪካን ሊግ 0.301 መታ። ሁለቱም በየሊጋቸው የዓመቱ አንደኛ ነበሩ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ቴሪ በሰፊው ይበልጣል ይላል።

ነገር ግን በ1930 የናሽናል ሊግ መቺዎች ሁሉ አማካይ 0.303 ነበር። የሊጉ ተራ መቺ እንኳ ከያስትረምስኪ ይበልጥ ነበር ማለት ነው! በ1968 ደግሞ የአሜሪካን ሊግ አማካይ 0.230 ላይ ወርዶ ነበር፤ ዓመቱ የወርዋሪዎች ስለነበር በ1969 ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ከፍታ ከ38 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዲወርድ ተደረገ። አሁን እናካፍል፤ 0.401 ለ0.303 ሲካፈል 1.32፤ 0.301 ለ0.230 ሲካፈል 1.31። ሁለቱም ከዘመናቸው ሰው በሲሶ ያህል ይልቃሉ። ሰፊ ይመስል የነበረው ልዩነት የሰዎቹ ሳይሆን የዘመናቱ ነበር።

ስለዚህ ከረጢቱ ከመደባለቁ በፊት ወደ አንድ የጋራ ዘመን ይመነዘራል። ሜዳም እንዲሁ። የዴንቨሩ ኩርስ ፊልድ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አዲስ አበባን ባያህልም አየሩ ሳስቷልና ኳስ ይርቃል። ላሪ ዎከር በ1999 በዚያ ሜዳ 0.461 ሲመታ ከዚያ ውጪ 0.286 ነበር የመታው። የቱን ዎከር ነው ወደ ውድድሩ የምናስገባው?

ተጋጣሚውም ይታሰባል። ቢል ጄምስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ዘዴ የመቺውን፣ የወርዋሪውንና የሊጉን አማካይ አንድ ላይ ያመዛዝናል። የሊጉ አማካይ 0.270 በሆነበት ዘመን 0.340 የሚመታ ሰው፣ 0.220 ብቻ የሚያስመታ ወርዋሪ ሲገጥመው የሚጠበቅበት 0.282 ነው። የሁለቱ ተራ አማካይ 0.280 ቢሆንም የሚለየው ነገር ሊጉ መቆጠሩ ነው፤ ያው ሁለት ሰው ሌላ ዘመን ላይ ቢጋጠሙ ውጤቱ ይቀየራል።

ምንዘራው ደረጃውን ምን ያህል ሊገለብጥ ይችላል? ማይክል ሼል በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ የመቺዎችን አማካይ በአራት ነገሮች አስተካከለ፤ በእርጅና ዘመን መውደቅ፣ በሊጉ አማካይ፣ በሊጉ ውስጥ ባለው የተሰጥኦ ስፋትና በሜዳው። በመዝገቡ ታይ ኮብ 0.366 ነው፤ ቶኒ ግዊን 0.338። ከማስተካከያው በኋላ ግን አንደኛ የወጣው ግዊን ሆነ። ምክንያቱን ስቲቨን ጄይ ጉልድ በ1996 አብራርቶት ነበር፤ የጨዋታው ደረጃ ባደገ ቁጥር ተራው ተጫዋች ወደ ጎበዙ ይጠጋል፤ ከአማካዩ በጣም ርቆ መውጣት ይከብዳል። በኮብ ዘመን ደካማ ወርዋሪ ብዙ ነበር፤ በግዊን ዘመን ግን ደካማው አስቀድሞ ተበጥሯል።

ከረጢቱ ተሸክሞ የመጣው

ባሪ ቦንድስ በ2004 ያደረገውን ያህል ከረጢት የሚፈታተን የለም። በዚያ ዓመት 373 ጊዜ ለመምታት ቀርቦ 135 ጊዜ ተሳካለት፤ 45ቱ ሆም ራን ነበር። 232 ነጻ ማለፊያ ደግሞ አገኘ። ኳስ ሲመታው ያለፈባቸውን 9 ጨምረን፣ በአውቱም ላይ የመሥዋዕት ምቶቹን (ራሱ አውት ሆኖ ጓደኛውን ያስገባባቸውን) ደምረን ስንቆጥር ቤዝ የደረሰበት ድርሻ 0.609 ይሆናል። ከረጢቱ ውስጥ “አውት” እና “ነጻ ማለፊያ” የሚሉት ወረቀቶች እኩል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 391 ያህል። 27 ለ0.391 ሲካፈል 69 ነው። ዘጠኝ ቦንድሶች በጨዋታ 69 ጊዜ ይቀርባሉ፤ ሩትንም ዊሊያምስንም ጥለዋቸው ይሄዳሉ። በዚህ ከረጢት ውድድር ቢካሄድ ተፎካካሪ የሚገኝለት አይመስልም።

ግን ከ232ቱ 120ዎቹ ሆን ተብለው የተሰጡ ናቸው። ተጋጣሚው “ይህን ሰው ከምንጋፈጥ አንደኛው ቤዝ ይሂድና ቀጣዩን እንጋፈጥ” እያለ ነበር። ቀጣዩ ደከም ያለ መቺ ስለሆነ ስሌቱ ያዋጣል። በዘጠኝ ቦንድስ ቡድን ውስጥስ? ቀጣዩ ራሱ ቦንድስ ነው፤ ከኋላውም ሌላ ቦንድስ አለ። እሱን በነጻ ማሳለፍ ትርጉም አይኖረውም። በመሆኑም 120ዎቹ ወረቀቶች የቦንድስን ችሎታ ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹን ድክመትም ተሸክመው መጥተዋል። ዘጠኝ ጊዜ ያባዛነው ደግሞ ጓደኞቹን ለማስወጣት ብለን ነበር!

120ዎቹን እናውጣቸውና እንደገና እንቁጠር። 497 ሙከራ ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ 241ዱ አውት ነው። የአውቱ ድርሻ 0.485 ይሆናል፤ 27 ለ0.485 ሲካፈል 56 ገደማ ነው። ቦንድስ ከ69 ወደ 56 ወረደ፤ ከ1921ዱ ሩት ጎን መጥቶ ቆመ፤ ከዊሊያምስ በታች። አንድም ምት አልነካንበትም፤ የለወጥነው አንድ ግምት ብቻ ነው። ኃይለኛ ወርዋሪዎች በግማሽ ፍርሃት የሰጡት፣ በመዝገብ “ሆን ተብሎ” ያልተባለው ነጻ ማለፊያም አለ፤ እሱን በምን ያህል እንደምንቀንሰው ሌላ ግምት ይጠይቃል። የተከለከለ መድኃኒት ጉዳይም በቦንድስ ዘመን ላይ ያንዣብባል፤ ከረጢቱ ግን የሚያውቀው የሆነውን እንጂ እንዴት እንደሆነ አይደለም።

በመዝገብ ያልነበሩት

ሌላው ግምት በዝምታ የሚያልፍ ነው፤ ውድድሩ ላይ የተጋበዘው ማን ነው? እስከ 1947፣ ጃኪ ሮቢንሰን ብሩክሊን ዶጀርስን እስኪቀላቀል ድረስ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ናሽናልና አሜሪካን ሊጎችን በያዘው በሜጀር ሊግ ውስጥ ጥቁር ተጫዋች አይሰለፍም ነበር። ጥቁሮቹ በራሳቸው ሊጎች፣ በኔግሮ ሊጎች፣ ይጫወቱ ነበር። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል እነዚህን ሊጎች እንደ አቻ የተቀበላቸው በ2020 መጨረሻ ሲሆን መዝገባቸውን ከራሱ ጋር ያዋሃደው በ2024 ነው። በዚያው ቀን የመዝገቡ አናት ተለወጠ፤ ጆሽ ጊብሰን በ0.372 ኮብን ቀደመ፤ የ1943ቱ 0.466ም የአንድ የውድድር ዘመን ከፍተኛው ሆነ።

ይህ ከረጢቱን በሁለት በኩል ይነካዋል። የሩት ወረቀቶች የተሞሉት ምርጥ ጥቁር ወርዋሪዎች በሌሉበት ሊግ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጋራ ዘመን ሲመነዘሩ መቀነስ አለባቸው። የጊብሰን ከረጢት ደግሞ ከጥቂት ሙከራዎች የተሞላ ነው፤ የሊጎቹ መደበኛ ጨዋታ ከሜጀር ሊጉ 154 ጨዋታ በእጅጉ ያንስ ነበርና። ከጥቂት ሙከራ የተገኘ ትልቅ ቁጥር ከፊሉ ችሎታ፣ ከፊሉ ዕድል ነው። የስታቲስቲክስ ሰዎች በዚህ ጊዜ ከረጢቱ ላይ ከሊጉ አማካይ ከረጢት ጥቂት ወረቀት ይጨምሩበታል፤ መዝገቡ ባጠረ ቁጥር የሚጨመረው ይበዛል። ለሁሉም እኩል ከተደረገ ሚዛናዊ ዘዴ ነው። ጊብሰንን ግን ዳግመኛ የሚጎዳው ይመስላል፤ መዝገቡ ያጠረው በእርሱ ጥፋት አልነበረም።

ደረጃውን የሚያናውጠው

ታዲያ ታላቁ መቺ ማን ሆነ? ጥያቄው “ማን ብዙ ነጥብ ያመጣል?” ከሆነ ሩት፣ ዊሊያምስና ቦንድስ ከላይኛው ተርታ አይጠፉም፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ከረጢቱ በተሞላበት መንገድ ይወሰናል። ጥያቄው “ሲቀርብ ማን ያለመሳት ይመታል?” ከሆነ ኮብና ግዊን ወደፊት ይመጣሉ። የሰውየውን ሙሉ የጨዋታ ዕድሜ ከወሰድን አንድ መልስ፣ ምርጥ ዓመቱን ብቻ ከወሰድን ሌላ መልስ እናገኛለን።

ይህን ሰምቶ “እንግዲያው ሲሙሌሽኑ ምን ጠቀመ?” የሚል ሰው አይጠፋም። የጠቀመው ክርክሩን ከስም ወደ ምክንያት ማውረዱ ነው። በፊት አንዱ “ቦንድስ!” ሲል ሌላው “ሩት!” ይል ነበር፤ ከዚያ በላይ መሄጃ አልነበረም። አሁን የሚጨቃጨቁት ሆን ተብሎ የተሰጠ ነጻ ማለፊያ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር በሚለው ላይ ነው፤ ያንን ወስኖ እንደገና ማስኬድ፣ ማን እንደወጣና ማን እንደወረደ ማየት ይቻላል። አንድ መቺ ግምቱ ሁሉ ቢቀያየርም ከአናት ካልወረደ ታላቅነቱን አንድ ሰው ባወጣው ሕግ ብቻ አላገኘውም ማለት ነው። አንድ ግምት ሲነካ 13 ሙከራ የሚወርድ ካለ ደግሞ የቀድሞው ደረጃው የቆመው በዚያ ግምት ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ምዕራፍ ይህንኑ ዘዴ የነገውን ዝናብ ወደሚተነብዩት ሰዎች ይዘነው እንሄዳለን። እነርሱም አንድን ቀን ብዙ ጊዜ ያስኬዱታል፤ መነሻውን በትንሹ እየቀያየሩ። ትንበያው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲመጣ በልበ ሙሉነት ይናገራሉ፤ ሲበታተን ደግሞ መበታተኑን ራሱ እንደ መረጃ ይዘግቡታል። የመቺዎችን ደረጃ የሚያወጣ ሰውም እንደዚያው ቢያደርግ የሚከሰው ታላቅ ስፖርተኛ አይኖርም።